በር የተባለው ቀዳዳ፤ ስለ ሰው ሠራሽ ናኖ ቀዳዳዎችና ስለ አዮን ፍሰት የቀረበ ሂስ

በኬሚስትሪና በፊዚክስ መካከል ባለው መስክ ከሃያ ዓመት በላይ ብዙ የተጻፈበት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም በስስ ፕላስቲክ ላይ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ማውጣት፥ የቀዳዳውንም ግድግዳ በኬሚካል ለውጦ በውስጡ የሚያልፉትን አዮኖች መቆጣጠር ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፉትን ጽሑፎች የሚከታተል ተማሪ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ ቃል ደጋግሞ ያገኛል። ቃሉም «በር» የሚለው ነው። ቀዳዳው ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ ፖታሲየም ሲመጣ ያውቃል፤ አሲድ ሲበዛ ይለወጣል፤ በሕያው አካል ውስጥ እንዳለው የአዮን ቦይ ይሠራል ይባላል። ይህ ሂስ የሚመረምረው ይህንኑ ቃል ነው። ሥራውን ለማቃለል አይደለም፤ ከሥራዎቹ አንዳንዶቹ በዘመናችን ካነበብኋቸው ሙከራዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቁኝ ናቸው። ዳሩ ግን የተለካው ነገርና የተባለው ነገር በብዙ ቦታ አይገናኙም። ልዩነቱም በሚጠጣ ውሃ ላይ ሳይቀር ተስፋ እንዲጣል ያደረገ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንባቢ የነገሩን መጠን እንዲገምት አስቀድመን ልኩን እንናገር። የአንዲት የጤፍ ቅንጣት ስፋት ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም። ያንኑ ሚሊሜትር ለ1,000,000 ቢከፍሉት አንዱ እጅ 1 ናኖሜትር ይባላል። የምንነጋገርባቸው ቀዳዳዎች በጠባቡ አፋቸው በኩል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር ያህል ናቸው። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የሚበሳ መርፌ የለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በጄኔራል ኤሌክትሪክ የምርምር ቤት የነበሩት ፍላይሸር፥ ፕራይስና ዎከር፣ ፈጣንና ከባድ አተም በማዕድን ወይም በፕላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ የሚተወው የጉዳት ፈለግ በኬሚካል ተበልቶ ቀዳዳ እንደሚሆን አሳዩ። በጀርመን አገር በዳርምሽታት ባለው የከባድ አዮን ማፍጠኛ ደግሞ አንድ አዮን ብቻ ካለፈ በኋላ ጨረሩ ወዲያው እንዲቋረጥ ማድረግ ተቻለ። ስለዚህ በፕላስቲኩ ላይ አንድ ፈለግ ብቻ ይቀራል። ፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ቴሬፍታሌት ነው፤ ውፍረቱም 12 ማይክሮሜትር ያህል ነው። በአንድ ወገኑ ብርቱ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ፥ በሌላው ወገን ፎርሚክ አሲድ ያለበት ብጥብጥ ይደረግበታል። አልካሊው ፈለጉን እየበላ ሄዶ ማዶ ብቅ ሲል አሲዱ ያከሽፈዋል። የሚቀረውም ቀዳዳ እንደ ጥሩምባ በአንድ ወገን ሰፊ፥ በሌላው ወገን ጠባብ ይሆናል። አፔል፥ ሲዊና ባልደረቦቻቸው ይህን አሠራር በ1ኛ ደረጃ ግልጽ አድርገው ያቀረቡት በ2001 ነው።

ኬሚስትሪው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አልካሊው ፕላስቲኩን ሲበላ በግድግዳው ላይ ካርቦክሲል የሚባሉ ቡድኖችን ይተዋል፤ ብዛታቸውም በአንድ ካሬ ናኖሜትር አንድ ያህል ነው። ውሃው አሲድ ካልሆነ እነዚህ ቡድኖች ፕሮቶናቸውን ጥለው አሉታዊ ሙል ይይዛሉ። አሉታዊ ግድግዳም እንደ ፖታሲየም ያሉትን አዎንታዊ አዮኖች ይስባል፤ እንደ ክሎራይድ ያሉትን አሉታውያን ይገፋል። ቀዳዳው ጥሩምባ መሰል ስለሆነ የግድግዳው ኃይል የሚበረታው በጠባቡ አፍ ነው። ስለዚህ አዎንታውያኑ አዮኖች ከጠባቡ ወደ ሰፊው ሲነዱ አዮን በአፉ ይጠራቀማል፤ ጅረቱም ይበዛል። ቮልቴጁ ሲገለበጥ ግን አፉ አዮን ያጥረዋል፤ ጅረቱም ያንሳል። ይህን ለአንድ ወገን ማድላት ዌይ፥ ባርድና ፌልድበርግ በ1997 በኳርትዝ ቀጭን ቱቦ ላይ አሳይተውት ነበር። በፕላስቲኩ ቀዳዳ ላይ ደግሞ ውሃውን ወደ ፒኤች 3 ሲያወርዱት ካርቦክሲሎቹ ፕሮቶን ስለሚይዙ ሙሉ ይጠፋል፤ ማድላቱም አብሮ ይጠፋል። ወደ ፒኤች 8 ሲመልሱት ይመለሳል። መቆጣጠር ማለት ይህ ከሆነ ለዚህ ቃል አንድም ተቃውሞ የለኝም። ምክንያቱ ይታወቃል፤ ውጤቱ ይለካል፤ ነገሩም ይመላለሳል።

ከዚህ ቀጥሎ ሊቃውንቱ ካርቦክሲሉን ከሌላ ነገር ጋር ማያያዝ ጀመሩ። አሚን አያይዘው ግድግዳውን አዎንታዊ አደረጉት። ቭላሲዩክና ሲዊ በ2007 ጠባቡን አፍ ብቻ አዎንታዊ አድርገው የቀረውን አሉታዊ አድርገው በመተው፣ በሬዲዮ ውስጥ እንዳለው ዳዮድ ያለ ቀዳዳ ሠሩ። ያሚን፥ አሊ፥ አዛሮኒና ባልደረቦቻቸው በ2009 በሙቀት የሚኮማተር የፖሊመር ጠጉር ተከሉበት። በቤጂንግ የፕሮፌሰር ሌይ ጂያንግ ቡድን በ2009 ፖታሲየም ሲያገኝ ቅርጹን የሚለውጥ የዲኤንኤ ክር አያያዘበት። ዝርዝሩን ብንቀጥለው አያልቅም፤ ብርሃን፥ ስኳር፥ ካልሲየም እያለ ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ ሂሱ እንግባ። በአገራችን ኬላ የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል። በኬላ ላይ ያለ ዘበኛ አላፊውን ያቆማል፤ ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ጫነ ይመረምራል፤ አንዱን አሳልፎ ሌላውን ይመልሳል። በገደል አፋፍ ያለ ጠባብ መንገድ ግን ማንንም አይመረምርም፤ የአላፊውን ብዛት ብቻ ይቀንሳል። በነርቭና በጡንቻ ውስጥ ያለው የፖታሲየም ቦይ እውነተኛ ኬላ ነው። ሮደሪክ ማኪነንና ባልደረቦቹ በ1998 የአንዱን ቦይ ቅርጽ በኤክስሬይ አሳይተዋል፤ እርሱም በ2003 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ያ ቦይ ከሶዲየም ይልቅ ፖታሲየምን ከ10,000 እጥፍ በላይ ይመርጣል። ሶዲየም ከፖታሲየም ያነሰ አዮን ሆኖ ሳለ ይመለሳል፤ ትልቁ ያልፋል። ይህም ሁሉ ሆኖ በአንድ ሴኮንድ እስከ 100,000,000 የሚደርሱ አዮኖች ያልፉበታል። ምስጢሩም ቦዩ በጠባቡ ስፍራ 0.3 ናኖሜትር ያህል ብቻ ሆኖ፣ አዮኑ የውሃ ልብሱን አውልቆ እንዲገባ ማድረጉ፥ በውሃውም ፈንታ ለፖታሲየም ልክ ሆነው የተደረደሩ የኦክስጅን አተሞች እንዲቀበሉት ማድረጉ ነው።

አሁን የፕላስቲኩን ቀዳዳ እንይ። አፉ 5 ናኖሜትር ነው እንበል። ፖታሲየም የውሃ ልብሱን እንደ ለበሰ 0.66 ናኖሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሰባት ፖታሲየሞች ጎን ለጎን ተሰልፈው ልብሳቸውን ሳያወልቁ ያልፋሉ። ግድግዳው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሙልን ምልክት። አዎንታዊ ነህ ወይስ አሉታዊ ብሎ ይጠይቃል፤ ስምህ ማን ነው አይልም። ያም ጥያቄ ቢሆን የጨው መጠን ሲጨምር እየደከመ ይሄዳል፤ የግድግዳው ኃይል በ0.001 ሞላር ጨው ውስጥ 10 ናኖሜትር ያህል ሲዘልቅ በ0.1 ሞላር 1 ናኖሜትር፥ በ1 ሞላር 0.3 ናኖሜትር ብቻ ይዘልቃል። እንዲህ ባለ ቀዳዳ ፖታሲየም ከሶዲየም 1.5 ጊዜ የበለጠ ጅረት ተሸክሞ ቢገኝ፣ መራጭነት ነው ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ፖታሲየም በባልዲ ውሃ ውስጥም ቢሆን ከሶዲየም በዚያው ልክ ይፈጥናልና።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን የሚነሣው ከመለኪያው ላይ ነው። ከእነዚህ ጽሑፎች በብዙዎቹ ውስጥ የሚቀርበው ማስረጃ አንድ ዓይነት ሥዕል ነው። በሁለት ወገን አንድ ዓይነት ጨው፥ ሁለት የብር ክሎራይድ ኤሌክትሮዶች፥ ከአሉታዊ ቮልቴጅ እስከ አዎንታዊ ቮልቴጅ የሚሄድ የጅረት መስመር ይታያል። በአንድ ወገን ያለው ጅረት በሌላው ወገን ላለው ተካፍሎ አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ 10 ከሆነ መልካም፥ 100 ከሆነ እጅግ መልካም ይባላል። ነገር ግን ያ መሣሪያ የሚቆጥረው ኩሎምብን ነው። ፖታሲየም ወደ ቀኝ ቢሄድ ወይም ክሎራይድ ወደ ግራ ቢሄድ ለመሣሪያው አንድ ነው። ከዚህም በላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ከላይ የጠቀስነው የ2007 ዳዮድ የማድላት መጠኑ በመቶዎች ሊደርስ እንደሚችል ስሌቱ ያሳያል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዳዮድ «በተከፈተ» ጊዜ በሁለቱ ሙሎች መገናኛ ላይ አዎንታውያኑም አሉታውያኑም አዮኖች አብረው ይጠራቀማሉ። ስለዚህ በሚከፈትበት ጊዜ ለማንም የማያዳላ ሊሆን ይችላል። አንዱን ቁጥር እያዩ ሌላውን መናገር እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በግልጽ ለመናገር፣ የ2007ቱ ጽሑፍ ራሱ በዚህ ስሕተት አይወቀስም፤ ስለ ጅረት ተናግሮ ስለ ጅረት ያበቃል። የሚወቀሱት እርሱን ጠቅሰው ስለ መራጭነት የሚጽፉት ናቸው።

ሁለተኛው ቅሬታ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሰው ያሳፍራል። ቀዳዳው ማንም ኬሚካል ሳያያዝበት «በር» ሊመስል ይችላል። በሆላንድ በዴልፍት የስሚትስና የዴከር ቡድን በ2006 በቀዳዳ ውስጥ የቀረች ጥቃቅን የአየር አረፋ ጅረቱን እንደምትቀንስና ሁከቱን እንደምታበዛ አሳየ። ፓወል፥ ሲዊና ባልደረቦቻቸው በ2008 ጥቂት ካልሲየምና ፎስፌት በተገናኙ ጊዜ በአፉ ውስጥ ደለል እየተፈጠረ፥ ተመልሶም እየሟሟ ጅረቱን እንደሚያወዛውዘው አስረዱ። አንባቢ ልብ ይበል፤ መስመሩ ከሕያው ቦይ መከፈትና መዘጋት ጋር ይመሳሰላል። እንዲሁም የሙቀት ሙከራን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር አይርሳ። የፖታሲየም ክሎራይድ ብጥብጥ ራሱ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ጅረት የማስተላለፍ ችሎታው 2 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ከ25 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ 30 ከመቶ ያህል ጭማሪ ያለ ምንም የፖሊመር ጠጉር ይገኛል። ያልተለወጠውን ቀዳዳ በዚያው ሙቀት ለክቶ ጎን ለጎን ያላቀረበ ጽሑፍ ሥራውን በግማሽ አቋርጦታል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር የላቦራቶሪ ክርክር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እንዲያ እንዳይመስለው ስለ ፍሎራይድ እናንሣ። በስምጥ ሸለቋችን ከሚገኙት ጉድጓዶች የብዙዎቹ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ካወጣው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ልክ ያለፈ ፍሎራይድ አለው፤ ከ10 ሚሊግራም የሚበልጥም አለ። ጥርስ ያጠቁራል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ያደነድናል፥ ያጎብጣል። ወንጂ አካባቢ ይህ ከጥንት ይታወቃል። ለመድኃኒቱም የከብት አጥንት ከሰልና የአሉሚኒየም ጨው ተሞክረዋል። በ2019 ደግሞ በአውስትራሊያ በሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንትና ባልደረቦቻቸው በፕላስቲኩ ቀዳዳ ውስጥ ዚርኮኒየም ያለበት ክሪስታል አሳድገው፣ ከ1 ናኖሜትር በታች በሆነ መተላለፊያ ፍሎራይድ ከክሎራይድ ይልቅ ከ13 እስከ 240 እጥፍ ያህል እንደሚመረጥ ዘገቡ። ይህ ከላይ ለነቀፍሁት ሁሉ መልስ ነው ለማለት ይቻላል። መንገዱ ጠቧል፤ የሚቀበሉ አተሞች ተደርድረዋል፤ ስም መጠየቅ ተጀምሯል። በእኔ አስተያየት መስኩ መሄድ ያለበት በዚህ በኩል ነው።

ዳሩ ግን ይህን አንብቦ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነገር አለቀ የሚል ሰው እንዳይገኝ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በዚህ መስክ የተለመደው መለኪያ ብጥብጥ 0.1 ሞላር ነው። 0.1 ሞላር ፍሎራይድ ማለት በሊትር 1,900 ሚሊግራም ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ግን 10 ሚሊግራም ብቻ ይዟል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ ከክሎራይድ ይልቅ በሶዲየምና በባይካርቦኔት የታወቀ ነው። ከክሎራይድ ጋር የተደረገው ንጽጽር ስለ ባይካርቦኔት ምንም አይነግረንም። ይህም ይቅር እንበልና አንዲት ቀዳዳ 1 ናኖአምፔር ጅረት ታሳልፋለች፥ ጅረቱም ሁሉ ፍሎራይድ ነው ብለን እናስብ። በአንድ ሴኮንድ 6,200,000,000 ያህል አዮን አለፈ ማለት ነው፤ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን 10 ሚሊግራም ፍሎራይድ ለማውጣት ግን ያች ቀዳዳ ከ1,600 ዓመት በላይ ሌትና ቀን መሥራት አለባት። በአክሱም ዘመን የተጀመረ አንድ ሊትር ውሃ ገና አሁን ይጠራ ነበር ማለት ነው።

መልሱ ቀዳዳዎቹን ማብዛት ነው ይባላል። አንድ ቢሊዮን ቀዳዳ ቢኖር ያው ሊትር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባለቀ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደመርም። ቀዳዳዎች ሲቀራረቡ በአፋቸው ላይ ያለውን አዮን ይሻማሉ፤ ወደ አፋቸው የሚወስደው መንገድ ራሱ መሰናክል ይሆናል፤ በገለፈቱ አጠገብ ያለው ውሃም አዮን ያልቅበታል። በሌላ ጉዳይ ላይ የደረሰውን እናስታውስ። በ2016 በስዊዘርላንድ በሎዛን ያሉ ሊቃውንት በአንድ የሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ሉህ ላይ ባለች ቀዳዳ ከባሕር ጨውና ከወንዝ ውሃ ልዩነት የሚገኘውን ኃይል ለክተው፣ ለገለፈት ሲሰላ በካሬ ሜትር እስከ 1,000,000 ዋት ሊደርስ ይችላል አሉ። ቁጥሩ በዓለም ዞረ። በ2021 ኤሊሜሌክና ባልደረቦቹ ይህን መሰል ስሌት ለምን ወደ ሥራ እንደማይደርስ በሰፊው አስረዱ፤ ከአንዲት ቀዳዳ የተገኘ ቁጥር በቀዳዳዎች ብዛት ተባዝቶ የገለፈት ቁጥር አይሆንም። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ማባዛቱ ነው የተሳሳተው።

ለተቃራኒው ወገንም መናገር ይገባል። ቀዳዳው መመርመሪያ ብቻ እንዲሆን ከተፈለገ እኔ የጠየቅሁት ሁሉ አያስፈልግም የሚል ሰው አለ፤ እውነቱን ነው። የቤጂንጉ የዲኤንኤ ቀዳዳ ፖታሲየም ሲመጣ ጅረቱን ከለወጠ፣ ጅረቱን የተሸከመው ማን እንደ ሆነ ባይታወቅም ፖታሲየም መምጣቱ ታውቋል። መራጭነቱ በክሩ መታጠፍ ላይ እንጂ በፍሰቱ ላይ አይደለም። ስለዚህ መርማሪ እንጂ በረኛ አይባል፤ ጥያቄዬ ይኸው ብቻ ነው።

በር የሚለውን ስም በሚገባ ያገኘ አንድ ሥራ ቢጠይቁኝ የፓወልንና የባልደረቦቹን የ2011 ሙከራ እጠቅሳለሁ። እነርሱ የግድግዳውን ካርቦክሲል ወደ ሜቲል ኤስተር ለውጠው ውሃ የሚሸሸው አደረጉት። በዝቅተኛ ቮልቴጅ ቀዳዳው በትነት ተሞልቶ ይደርቃል፤ ጅረት የሚባል አይታይም። ቮልቴጁ ሲበረታ ውሃው ይገባል፤ ጅረቱም ይፈስሳል፤ በአንዳንዶቹም ቀዳዳዎች ቮልቴጁ ሲቀንስ ተመልሶ ይደርቃል። ይህ በእውነት መዘጋትና መከፈት ነው። በዴልፍት ሰዎችን ያሳሳተው አረፋ እዚህ ሆን ተብሎ ሥራ ተሰጥቶታል። ያልተመለሱትንም ቀዳዳዎች ሳይደብቁ መናገራቸው አስደስቶኛል።

በዚህ መስክ የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት የሚያስቡ ጓደኞቼ አንድ ነገር ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ማፍጠኛ አያስፈልጋቸውም፤ የተቀዳደደ የፕላስቲክ ማጣሪያ ይሸጣል። ጅረት ከመለካታቸው በፊት በአንድ ወገን 0.1 ሞላር፥ በሌላው ወገን 0.01 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ያድርጉ፤ ጅረቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቮልቴጅ ያንብቡ፤ ኤሌክትሮዶቹ ራሳቸው የሚጨምሩትን ይቀንሱ። ቀዳዳው አዎንታውያንን ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ በ25 ዲግሪ ወደ 59 ሚሊቮልት የቀረበ ቁጥር ያገኛሉ። ለማንም የማያዳላ ከሆነ ፖታሲየምና ክሎራይድ ፍጥነታቸው እኩል ሊባል የሚችል ስለሆነ ዜሮ አካባቢ ይቀራል። ቀጥሎም በሁለቱ ወገን እኩል 0.1 ሞላር አድርገው፥ በአንዱ ፖታሲየም በሌላው ሶዲየም ክሎራይድ ሞልተው ያንኑ ይድገሙ። ሥራው የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከመቶ ያላነሱ ጽሑፎች ስገልጥ ግን በጥቂቶቹ ብቻ ነው ያገኘሁት።